ለውሻ ደግሞ ግሉኮስ?

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ጂማ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ገባንና ሁለት ከረጢት ሪንገር ላክቴት (ሕዝቡ ሁሉንም በጅምላ «ግሉኮስ» ነው የሚለው)፣ ትንሿን የሕፃናት ካኑላና ፕላስተር ጠየቅን፡፡ ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ማዶ ቀና ብላ አየችንና «የታማሚው ዕድሜ ስንት ነው?» አለች፡፡ እርስ በርስ ተያየን፡፡

«ሰባት ሳምንቷ ነው፡፡»

«ሰባት ሳምንት? እንዴ! ታዲያ ሆስፒታል አትወስዷትም? እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

ከመካከላችን ውሸት የማይሆንላት አንዷ «ኧረ ቡችላ ናት» ብላ ዘረገፈችው፡፡ ከኋላችን መድኃኒት ሊገዙ የቆሙ አንድ አባት «ለውሻ ደግሞ ግሉኮስ? ወይ ስምንተኛው ሺህ!» አሉ፡፡ ቤቱ በሳቅ ሞላ፡፡ እኛም አብረን ሳቅንና ግሉኮሳችንን በፌስታል ይዘን እየሮጥን ወጣን፡፡

አባታችንን አልተቀየምናቸውም፡፡ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ቢሆን ኖሮ እኛም ከሳቂዎቹ ጋር ነበርን፡፡ ይህን የምንጽፈው ግን ጥያቄያቸው መልስ የሚገባው ጥያቄ ስለሆነ ነው፡፡ መልሳችንም «አዎ፣ ለውሻ ግሉኮስ!» የሚል ነው፡፡ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከፓስታ ካርቶን መጀመር አለብን፡፡

የፓስታ ካርቶን

«እኛ» ስንል ሦስት ነን፡፡ ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀን፣ ጂማ ላይ አንድ ቤት በጋራ ተከራይተን እንኖራለን፡፡ አንዳችን ሥራ አላት፣ አንዳችን ሥራ ትፈልጋለች፣ አንዳችን ደግሞ «ፍሪላንሰር ነኝ» ትላለች (ትርጉሙን ለእናንተ እንተወዋለን)፡፡

ያን ሰሞን ስለ ቡና ለቀማ ልንጽፍ ወደ አጋሮ ወረድን፡፡ ከጂማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቡ ከተማን አልፋችሁ ጎማ ወረዳ ስትገቡ ግራና ቀኙ ቡና ነው፡፡ የቡና መገኛ ነው የሚባለው ጮጬም እዚያው ጎማ ውስጥ ነው፡፡ አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ለቀማ ሲደርስ ሕፃን ሽማግሌው ቡና ውስጥ ነው፡፡ ውሻውም እንደዚያው፡፡ ቀን ጦጣና ዝንጀሮ ከበቆሎው ያባርራል፣ ማታ ከርከሮና ጃርት ይጠብቃል፣ ሌሊት ደግሞ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ከሌባ ሲጠብቅ ያድራል፡፡ የዓመት ጥሪታችን በእሱ ጩኸት ተጠብቆ ያድራል ማለት ነው፡፡ ደሞዙ ፍርፋሪና የዱላ ጫፍ ነው፡፡

አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዘበኛ የሆኑ አባት ዘንድ አንዲት ግራጫ ውሻ ከማድረቂያ አልጋው ሥር አምስት ቡችሎች ወልዳ አገኘናት፡፡ አንደኛዋ ጥቁር ነች፣ አንገቷ ቀጠን ብሎ ረዘም ይላል፡፡ ሳናስበው ሦስታችንም በአንድ አፍ «ጀበና!» አልን፡፡ ስም ከወጣላት በኋላ ትቷት መሄድ የት ይቻላል? ዘበኛውም «ውሰዷት ልጆቼ፡፡ እዚህ ከቀረች ወይ ጅብ ይበላታል ወይ መኪና ይጨፈልቃታል፡፡ ነፍስ ናት፣ ትጸድቁባታላችሁ» አሉን፡፡ የፓስታ ካርቶን ሰጡን፤ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «የሷንም ሒሳብ!» እያለ እየቀለደብን ጂማ ገባን፡፡

አሁን ላይ ስናስበው የመጀመሪያው ጥፋት የእኛው ነበር፡፡ ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላት ከእናቷ መለየት የለባትም፡፡ ጀበና ስድስት ሳምንት ከምናምን ነበረች፡፡ ክትባት የሚባል ነገር እሷም እናቷም አያውቁም፡፡ እኛም አልጠየቅንም፡፡ ፎቶ ግን ወደ ሃምሳ አንስተናታል፡፡

በሦስተኛው ቀን መብላት አቆመች፡፡ ማታውን ነጭ አረፋ አስመለሰች፡፡ ጎረቤት «ወተት ስጧት» አለን፣ ሰጠናት፤ እሱንም አወጣችው፡፡ ሌላው «ቴትራሳይክሊን ፈትታችሁ አጠጧት» አለን፡፡ ሌላው «ዓይን በልቷት ነው» አለ፡፡ በበነጋው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛት፡፡ ያን ሽታ ያየ አይረሳውም፡፡ ዘላ ዘላ የማትጠግበዋ ጀበና ካርቶኗ ጥግ ላይ አንገቷን ጥላ፣ ስንጠራት በጅራቷ ጫፍ ብቻ መልስ ትሰጠን ጀመር፡፡

«ሌላ አምጡ»

መጀመሪያ የወሰድናት ስሙን የማንጠቅሰው አንድ የእንስሳት ሕክምና መስጫ ነው፡፡ አንድ ገበሬ የታመመ በሬውን ይዞ ቆሟል፣ አንዲት እናት ሁለት በጎች ይዛለች፡፡ ጋወን የለበሰው ሰው ካርቶናችንን ከሩቁ አየና «እህቶቼ፣ ይሄ የበሬና የላም ቦታ ነው፡፡ ቡችላ በየሰፈሩ ሞልቶ የለ እንዴ? ሌላ አምጡ» አለን፡፡ ካርቶኑ ውስጥ አላየም፡፡

ያን ቀን ንዴታችን ልክ አልነበረውም፡፡ ሲበርድልን ግን ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ ገባን፡፡ ያ ገበሬ በሬው ከሞተበት ዘንድሮ እርሻ የለውም፤ የቤተሰቡ ጉሮሮ በሬው ነው፡፡ ሐኪሙ አንድ፣ መድኃኒቱ ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም ነው፡፡ ትምህርቱም ቢሆን ባብዛኛው የቀንድ ከብት ነው፤ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ በሆነች አገር ይህ አያስገርምም፡፡ ሕዝቡም ቢሆን «የእንስሳት ሐኪም» አይልም፣ «የከብት ሐኪም» ነው የሚለው፡፡ ውሻ ከብት አይደለም፡፡ ስለዚህ ሐኪም የለውም፡፡ ነገሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው፡፡

ሁለተኛውን ሐኪም ያገኘነው በዩኒቨርሲቲ ወዳጅ በኩል ነው፡፡ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አይበልጥም፡፡ በስልክ ስንነግረው «አምጧት» ብቻ አለ፡፡

ያደረገውን በዝርዝር እንንገራችሁ፤ የጽሑፋችን ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፡፡ መጀመሪያ መሬት ላይ ቁጭ አለ፡፡ እጁን ዘርግቶ እስክታሸተው ጠበቀ፡፡ የጀርባ ቆዳዋን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ሳብ አደረገና ለቀቀው፤ ቆዳው ወዲያው መመለስ ሲገባው እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ፡፡ «አያችሁ? ውኃዋ አልቋል» አለን፡፡ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን ተጫነው፤ ነጭ ነው፡፡ ከየት እንደመጣች፣ ስንት ቀን እንደሆናት፣ እናቷ ተከትባ እንደሆነ፣ ስንት ወንድምና እህት እንዳላት ጠየቀን፡፡ ከዚያ እንዲህ አለን፡-

«እውነቱን ልንገራችሁ፡፡ መመርመሪያው የለኝም፣ ግን ፓርቮ ይመስለኛል፡፡ ቫይረስ ነው፡፡ እኔ ጋ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፡፡ ማድረግ የምችለው ውኃዋን መተካት፣ ማስመለሱን ማቆም፣ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይጨመርባት መከላከል፣ ሰውነቷን ማሞቅ ነው፡፡ የቀረውን የራሷ ሰውነት ይሠራዋል፡፡ ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ዕድሏ ጥሩ ነበር፤ አሁን ዘግይቷል፣ ግን አልሞተችም፡፡ ወጪው ይኼን ያህል ነው፡፡ እንሞክር ካላችሁ እሞክራለሁ፡፡ አንችልም ካላችሁም አልፈርድባችሁም፤ ሳትሠቃይ እንድታሸልብ ማድረግ እችላለሁ፡፡»

እንሞክር አልን፡፡ ወጪው ከሁለት ኪሎ ቡና ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር፡፡ መድኃኒት ቤት የሮጥነውም ለዚህ ነው፡፡

ስለ ፓርቮ በአጭሩ እናስረዳ፤ ቡችላ ያላችሁ ልብ በሉ፡፡ የውሻ ፓርቮ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፡፡ በሁለት ዓመት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፡፡ የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሴሎችን ስለሆነ የቡችላዋን አንጀትና መቅኔ ላይ ይዘምታል፡፡ አንጀቷ ሲላጥ ደም ይፈሳታል፣ ውኃና ጨው ያልቅባታል፤ መቅኔዋ ሲመታ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎቿ ያንሳሉ፡፡ ሕክምና ካላገኘች ብዙውን ጊዜ ትሞታለች፡፡ በቂ ሕክምና በጊዜ ካገኘች ደግሞ አብዛኞቹ ይድናሉ፡፡ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 በቀጥታ ለፓርቮ የተሠራ መድኃኒት ጊዜያዊ ፈቃድ አግኝቷል፡፡ እኛ ጋ ያለው ግን ዛሬም ግሉኮስ፣ ትዕግሥትና ክትባት ነው፡፡ ክትባቱ ከስድስትና ስምንት ሳምንት ጀምሮ፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ፣ አራት ወር እስኪሞላት ይደገማል፡፡ ወደ ሰው አይተላለፍም፡፡ መሬት ላይ ግን ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይበግረውም፣ በውኃ የተበረዘ በረኪና ነው የሚገድለው፡፡

ዶክተሩ ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ እየመጣ አያት፡፡ ጠብታ መቁጠር አስተማረን፡፡ ሙቅ ውኃ የሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ በፎጣ ጠቅልለን አጠገቧ አደረግን፡፡ ተራ ገብተን አደርን፡፡ በሁለተኛው ቀን ማስመለሷ ቆመ፤ ቀና ብላም አየችን፡፡ ዳነች ብለን ጮኽን፡፡ ዶክተሩ ግን «ቆዩ» አለን፡፡ ያን ሌሊት አተነፋፈሷ ተለወጠ፡፡ ስንደውልለት በባጃጅ መጣ፤ አያትና «ከዚህ በኋላ የምጨምርላት ሥቃይ ነው» አለን፡፡ ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶናል፡፡ ተያይተን «እሺ» ለማለት ጉሮሯችን ሲተናነቅ፣ ጀበና አልጠበቀችንም፡፡ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፎጣ ውስጥ፣ በአንዳችን ጭን ላይ አረፈች፡፡

ግቢው ጥግ አቮካዶው ሥር ጥልቅ ቆፍረን ቀበርናት፡፡ ወለሉን በበረኪና አጠብን፡፡ ካርቶኑን አቃጠልን፡፡

ታዲያ ምን ተረፈን?

«ከሞተች ምን ዋጋ አለው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፡፡ እኛም በበነጋው ያንኑ ስንል ነበር፡፡

ዶክተሩ ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፡፡ «ይሄ በሽታ ከያዘ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ድረስ ተደብቆ ይቆያል፡፡ እናንተ ጋ በመጣች በሦስተኛ ቀኗ ከታመመች፣ የያዛት እዚያው አጋሮ ነው፡፡ ወንድሞቿ አደጋ ላይ ናቸው፣ ደውሉ፡፡» ደወልን፡፡ ዘበኛው ሁለቱ ቡችሎች እንደሞቱ ነገሩን፡፡ «መርዝ የሰጡብኝ መስሎኝ ጎረቤት ተጠራጥሬ ተኳርፌ ነበር» አሉ፡፡ ስለ በሽታው፣ ስለ ዶክተሩ፣ ስለ ግሉኮሱ፣ ሌሊት ስለመምጣቱ አንድ በአንድ ተረክንላቸው፡፡ ዝም ብለው አዳመጡንና ለረጅም ጊዜ ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቁን፡፡

«ለቡችላ እንዲህ ካደረገ… እናትየዋንስ ያይልኛል?»

ይህ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን፡፡ እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ ውሻ ሲያሳድጉ ኖረዋል፡፡ አንዱንም አስከትበው አያውቁም፡፡ ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም፤ «ነፍስ ናት» ያሉን እሳቸው ናቸው፡፡ ውሻ ይዞ ሐኪም ጋ መሄድ የሚባል ነገር መኖሩን ስላላዩ ነው፡፡ ሲታመም የማይታይ እንስሳ ጤነኛ ሆኖ ለክትባት ሊመጣ አይችልም፡፡ ጀበናን «ሌላ አምጡ» ብሎ የመለሰው በር የእናቷንም ክትባት መልሷል ማለት ነው፡፡ ነገሩ ደግሞ የውሻ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፡፡

ምክንያቱም ከፓርቮ ጎን ለጎን ሌላ፣ ሰውን የሚገድል በሽታ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ይላል፡፡ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው፡፡ በአበደ ውሻ ተነክሷል ተብሎ ከሚጠረጠረው አሥር ሰው አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፡፡ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፡፡ እኛ ጋ ደግሞ ከሐኪም በፊት ቅጠል፣ ከቅጠል በኋላ ጠበል፣ መጨረሻ ላይ «ፓስተር ውሰዱት» ነው፡፡ (ስሙ ከሉዊ ፓስተር የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 የተነከሰ ልጅ በክትባት ያተረፈው ፈረንሳዊ፡፡ በስሙ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፡፡) ለተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ የተወጋ ዘመድ ያላችሁ የድሮው ክትባት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፡፡

የበሽታው ቁልፍ ያለው ግን ውሻው ጋ ነው፡፡ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፡፡ ዓለም በውሻ አማካይነት በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዜሮ ይሁን ብሎ የተነሣው በዚህ ስሌት ነው፡፡ 70 በመቶ በአዋጅ አይመጣም፡፡ የሚመጣው ዘበኛው አባት ግራጫዋን ውሻ በገመድ ይዘው «ያይልኛል?» ብለው ሲመጡ ነው፡፡ ሰው ደግሞ የሚመጣው ወደተከበረበት ቦታ ነው፡፡

መርዙ

እስከ ዛሬ ከተሞቻችን ለውሻ የሰጡት «አገልግሎት» ባብዛኛው አንድ ነው፤ መርዝ፡፡ ሥጋ ውስጥ የተቀበረ ስትሪክኒን፡፡ በ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየም በዓል ዋዜማ አዲስ አበባ «እንግዳ ይመጣል» ተብሎ የጎዳና ውሾች በመርዝ ሲፈጁ ወሬው ከአገር ውጭም ተሰምቷል፡፡ በየክልል ከተማው ልጅ ሆነን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ተገትረው የደረቁ ውሾችን እየዘለልን ያለፍን ብዙ ነን፡፡ ስትሪክኒን የሚገድለው ጡንቻን እያንቀጠቀጠና እያገተረ ነው፤ እንስሳው እስከ መጨረሻው ድረስ ራሱን ያውቃል፡፡ ያን ሬሳ የበላ ጥንብ አንሣና ጅብም አብሮ ይሞታል፡፡

ለበሽታ መከላከያም ቢሆን አይሠራም፡፡ መርዙ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ ባዶ በቀረው ሰፈር ደግሞ ከሌላ ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይገባበታል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም ጅምላ ግድያ የእብድ ውሻ በሽታን እንደማያቆም ነው የሚናገረው፡፡ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? እኛ ደግሞ ቀዳዳውን ራሳችን እየቀደድን ነው፡፡

የሚገርመው፣ ውሻን መከተብ ምን እንደሚያድን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ባሌ ተራሮች ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ፈጅቷቸዋል፡፡ በሽታው የሄደባቸው ከእረኛ ውሾች ነው፡፡ ስለዚህ ባሌ ላይ የገበሬውን ውሻ እየዞሩ መከተብ ተጀመረ፡፡ ለቀበሮው ሲባል ውሻው ተከተበ፡፡ ለልጆቻችን ሲባል የአጋሮ ውሻ ለምን አይከተብም?

«ሰው ሳይታከም…»

ሁለት ተቃውሞዎችን በተደጋጋሚ ሰምተናል፡፡ አንደኛው «ሰው ሳይታከም ውሻ?» የሚል ነው፡፡ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አናቃልለውም፡፡ ወላድ እናት በቃሬዛ በሚወሰድበት አገር ለቡችላ ሲታደር ማየት ያሳፍራል የሚል ሰው ስህተት ነው አንልም፡፡ ነገር ግን ለጀበና የሰጠነውን ግሉኮስ ከማንም ሕፃን አልቀማንም፤ ዶክተሩም የተማረው ሰው ለማከም አይደለም፡፡ ደግሞም ከላይ እንዳልነው፣ ያልታከመው ውሻ ነገ የሚነክሰው ያንኑ ያልታከመውን ሰው ነው፡፡ አንደኛውን ትቶ ሌላውን ማዳን አይቻልም፡፡

ሁለተኛው የሃይማኖት ነው፡፡ ጂማና አካባቢዋ ባብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው የሚለውን ትምህርት እናከብራለን፡፡ ግን ነጃሳ ማለት ይሠቃይ ማለት አይደለም፡፡ አንድ መንገደኛ በጥም ምላሷን አውጥታ አፈር የምትልስ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ስላጠጣት ኃጢአቱ እንደተማረለት የሚናገረውን ሐዲስ ያስተማሩን የሰፈራችን ሸኽ ናቸው፡፡ ክርስቲያኑም ቢሆን መጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ልጁ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮት እንደተጓዘ ያውቃል፡፡ ዘበኛው አባት ውሻቸውን ቤት አያስገቡም፤ ከነኳትም ለሰላት ይታጠባሉ፡፡ «ነፍስ ናት» ያሉንም እሳቸው ናቸው፡፡ ሁለቱ አይጋጩም፡፡

የምንለው

ጂማ የእንስሳት ሕክምና እንግዳ የሆነባት ከተማ አይደለችም፡፡ እርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ የጂማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኖ በየዓመቱ የእንስሳት ሐኪሞችን ያስመርቃል፡፡ እውቀቱ ከተማው ውስጥ አለ፡፡ ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ የራቀ ነገር አይደለም፡፡

አንድ፡- የእንስሳት ክሊኒኮች በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን እንኳ የውሻና የድመት ቀን ይኑራቸው፡፡ በሬው ወረፋውን አይነጠቅ፤ ውሻውም በር ላይ አይመለስ፡፡ መድኃኒት ባይኖር እንኳ ካርቶኑ ውስጥ አይቶ «ይህ ነው፣ እንዲህ አድርጉ» የሚል ሰው ይኑር፡፡

ሁለት፡- የእብድ ውሻ ክትባት ወደ ቡናው ይውረድ፡፡ ለቀማ ሲደርስ አጋሮ፣ የቡ፣ ሊሙ ገነት ላይ ሰው ሁሉ ማጠቢያ ጣቢያ ነው፤ ውሻውም አብሮት ነው፡፡ የገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛና አንድ የበረዶ ሣጥን ይበቃል፡፡

ሦስት፡- መርዙ ይቁም፡፡ መዳን የማይችል እንስሳ በሐኪም እጅ ሳይሠቃይ ያርፍ፤ የቀረው ይከተብ፡፡

ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ደግሞ፡- ቡችላ ስትወስዱ ስምንት ሳምንት ይሙላት፡፡ ከፎቶ በፊት ክትባት፡፡ ካስመለሰች ወተትና የሰው ካፕሱል አትስጧት፤ ቀን ሳታሳልፉ ሐኪም ፈልጉ፡፡ በፓርቮ ቡችላ የሞተበት ቤት ወራት ሳይቆይ ሌላ ያልተከተበ ቡችላ አታስገቡ፡፡ ውሻ የነከሰውን ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡትና ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ቅጠሉ ይቆይ፡፡

ዘበኛው አባት ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ጠዋት ጂማ መጡ፡፡ ግራጫዋን ውሻ በኒሎን ገመድ አስረው፣ ከተረፉት ሁለት ቡችሎች ጋር፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ፡፡ ዶክተሩ ለእናትየዋ የእብድ ውሻ ክትባት ወጋት፡፡ ቡችሎቹን አየና «እነዚህ ሦስት ወር ሲሞላቸው መልሰህ አምጣቸው» ሊል ጀምሮ፣ ዕድሜያቸውን አይቶ «ይመለሱ አባባ» ብሎ አስተካከለ፡፡ እሳቸው ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ የሚሆን ጀንፈል ቡና አውጥተው «ይህቺን ለቡናህ» አሉት፡፡ አልቀበልም ሲል ተቆጡት፡፡

ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው «ያቺ ጥቁሯ የት ናት የተቀበረችው?» አሉን፡፡ አቮካዶው ሥር ወስደን አሳየናቸው፡፡ ጥቂት ቆመው አዩና «አይ፣ እሷ እንኳ ሥራዋን ሠርታ ነው የሄደችው» አሉ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡